ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ፦ የአንድ እንግሊዛዊ ማዕረግ የትውልድ ሐረግ

ከብሪታንያ የውርስ ማዕረጎች አንዱ የወሎን አምባ ስም ይዟል፦ ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ። ማዕረጉ በወንድ መስመር ይወረሳል። ሙሉ ስሙ በታሪካዊው የቼሻየር አውራጃ የነበረችውን ካሪንግተንንም ይጨምራል፤ የታወቀው ግን በመቅደላ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤቱ መሥራች ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር በ1810 ኮሎምቦ፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ተወለደ። አባቱም ወታደር ነበር። ኮርኔሊስ የተባለው አባቱ በቆሰለበት የጃቫ ምሽግ ስም ነው። ሮበርት በመሐንዲስነት ሕንድ ገብቶ በሲክ ጦርነቶች፣ በላክናው እና በ1860 በቻይና ተዋጋ።

ባሮን ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ዘመቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። እነሱን ለማስለቀቅ ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ በኩል ገባ። መንገዱ የቀናው ከትግራዩ ገዥ ከካሳ ምርጫ (ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ) ጋር ስለተስማማ ነው የሚሉ አሉ። አገሩ ቀድሞ ከንጉሡ ስለራቀ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳይረዱት አልቀሩም። ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለ ቦታ ውጊያ ተደረገ። ንጉሡ ለፋሲካ የላኩለትን ከብት ናፒየር አልቀበልም አለ። እስረኞቹ ተለቀቁ፤ ናፒየር ግን ንጉሡ እጅ ይስጡ አለ። በፋሲካ ማግስት አምባው ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። እጃቸውን አልሰጡም።

ከዚያ መቅደላ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። እንግሊዞቹ የጦር ምርኮ ይሉታል። የቤተ ክርስቲያን ጽዋና የብራና መጽሐፍ ምን ዓይነት ምርኮ እንደሆነ እነሱ ይወቁት! ዕቃው በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ላይ ለጨረታ ቀረበ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ።

ሐምሌ 17 ቀን 1868 ናፒየር ባሮን ሆነ። ኋላም በሕንድ የጦር አዛዥ፣ ከዚያ የጂብራልታር ገዥ፣ በ1883 ደግሞ ፊልድ ማርሻል (ከፍተኛው የጦር ማዕረግ) ሆነ። በ1890 ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። የፈረስ ላይ ሐውልቱ ለንደን፣ ኩዊንስ ጌት ቆሟል።

ከእሱ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ሦስት ልጆቹ ተራ በተራ ወረሱ፦ ሮበርት ዊልያም እስከ 1921፣ ጄምስ ፒርስ እስከ 1935፣ ከሁለተኛ ሚስቱ የተወለደው ኤድዋርድ እስከ 1948። አምስተኛው፣ ሮበርት ጆን፣ በ1987 ሞተ፤ ማዕረጉም ወደ ስድስተኛው ባሮን ተላለፈ። በ1999 የወጣው ሕግ አብዛኞቹ ባለ ውርስ ማዕረጎች በብሪታንያ ፓርላማ የጌቶች ምክር ቤት የነበራቸውን መቀመጫ አስቀርቷል። ስሙን ግን አልነካም።