የዓባይ በሮች፦ በጎጃም ዳርቻ ያሉት ጥንታዊ ድልድዮች

ጎጃም ባሕር የለውም፤ በባሕር ዳርቻ የተሠራ ምሽግም የለውም። ዓባይ ግን ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አገሩን ይዞራል፤ ሸለቆው ከማንኛውም ግንብ ይበልጣል። ክረምት ሲገባ ታንኳም ዋናም አያሻግርም፤ የዘመተው ጦር በወጣበት ይቀራል፣ ነጋዴም ጭኖ ወደ ገበያ አይሻገርም። የጎጃሙ ገዥ ተድላ ጓሉ አፄ ቴዎድሮስን የተቋቋመባት የጅበላ አምባ ራሷ ያለችው በዚህ ታላቅ ምሽግ ውስጥ ነው። የምሽጉ በሮች ድልድዮቹ ናቸው፤ በእኔ እምነትም ጎጃምን የሚጎበኝ ሰው ከቤተ ክርስቲያናቱ ቀጥሎ ሊያያቸው የሚገባው እነሱን ነው።

ለመድረስ የሚቀለው የአላታ ድልድይ ነው፤ አጋም ድልድይ የሚሉትም አሉ። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከከተማዋ በእግር ቁልቁል ይወረዳል። ድልድዩ ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ፣ ዓባይ በጠባብ ገደል ውስጥ በሚታፈንበት ቦታ ላይ ተዘርግቷል። በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ተብሎ ይታወቃል። ፖርቹጋላዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ (ኢየሱሳዊ) ማኑኤል ዴ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው በዚያው አካባቢ፣ ወደ ዓባይ በሚገባው በአላታ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ሥራውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። ስለዚህ በተለምዶ «የፖርቹጋሎች ድልድይ» መባሉ ነገሩን ግማሽ ያደርገዋል፦ ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ሥራውን የመራው ከሕንድ የመጣ ሰው፣ ኖራው የዚያው የዓባይ ዳር ድንጋይ ነው። ኖራው ከእንቁላል ጋር ተለውሷል ተብሎም ይነገራል።

መሻገሩ ብቻ አይበቃም። መሐል ላይ ቆሞ ከዝቅተኛው ግድግዳ ላይ እጅን ማሳረፍ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ነጭ ኖራ በጣት መዳሰስ ነው ደስታው። ከታች ውኃው እየጮኸ ያልፋል። በገበያ ቀን የተጫኑ አህዮች ሲመጡ ጎብኚው ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል፤ ድልድዩ ዛሬም የሚያገለግል የሰው መንገድ ነውና የሚቀድመው መንገደኛው ነው።

ዳገቱን ወጥቶ ፏፏቴው ከፊት ለፊት ይታያል። ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ሲሞላ ወደጎን እስከ 400 ሜትር ይዘረጋል። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን ብዙው ውኃ በቦይ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ በጋ ላይ የሄደ ሰው ቀጭን ጅረት ብቻ አይቶ አዝኖ ሊመለስ ይችላል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መሄዱ ይሻላል። መንገዱ በዚያ ጊዜ ጭቃና አዳላጭ ስለሆነ መልካም ጫማና የአገሬው አስጎብኚ ያስፈልጋል። ከመነሳት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ባሕር ዳር ላይ መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው በር ሰባራ ድልድይ፣ ከሞጣ በኩል ጎጃምን ከማዶ በጎንደር በኩል ካለው ከእስቴ ጋር ያገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን ጦር ለማገድ መሐሉን አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ለበር ከዚህ የበለጠ አገልግሎት የለም፤ ሲያስፈልግ ተዘግቷልና። ዋጋውን የከፈለው ግን የሁለቱ ዳር ሕዝብ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር፦ መንገደኛው ወገቡን ይታሰራል፣ ከማዶ ያሉ ጎልማሶች ይስቡታል፣ እሱም ከውኃው በላይ እየተንጠለጠለ ያልፋል። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሕመምተኛም፣ ሙሽራም፣ በግም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ አሁን ሰው ወገቡን ሳይታሰር ይሻገራል።