የጎን ጭስ ማውጫ በቆዩ የስፖርት መኪኖች፦ ገጠማውና አያያዙ በደሴና በኮምቦልቻ

የጎን ጭስ ማውጫ ያለው መኪና ጭሱን በሆዱ ሥር ወስዶ ከኋላ አያወጣም። ቱቦው ከፊት ጎማ ጀርባ ብቅ ይልና በበሩ ሥር ተዘርግቶ ከኋላ ጎማ ፊት ያበቃል። መነሻው የውድድር ሜዳ ነው። ቱቦው ሲያጥር ክብደት ይቀንሳል፣ መሬት ለመሬት ለሚሄድ መኪናም ከሆዱ ሥር ቦታ ይተርፋል። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሰለፈው 300 ኤስኤልአር ጭሱን በጎን ነበር የሚተፋው። በመንገድ መኪና ላይ ያስለመዱት አሜሪካኖቹ ናቸው። ሼቭሮሌ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለኮርቬት ገዢዎች በተጨማሪ ክፍያ አቅርቦታል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሼልቢ ጂቲ350 ሙስታንግም ጭሱን ከኋላ ጎማ ፊት በጎን ያወጣ ነበር። ዶጅ ቫይፐር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ያንኑ አሠራር መልሶ ይዞ መጣ።

ድምፁ የሚወደድበት ምክንያት አለው። በተለመደው የአሜሪካ ቪ8 (በሁለት ጎን አራት አራት ሲሊንደር ያለው) ሞተር በአንድ ጎን ያሉት አራት ሲሊንደሮች የሚተኩሱት በእኩል ርቀት አይደለም። የሁለቱ ጎን ጭስ መሐል ላይ ከተገናኘ ልዩነቱ ይለዝባል፤ በጎን ማርሚታ (ጭስ ማውጫ) ግን እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ስለሚወጣ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ሳይለሰልስ ይሰማል።

እንዲህ ያለ መኪና ወሎ ውስጥ ብርቅ ነው። ሥራውን የሚችል እጅ ግን አይታጣም። ኮምቦልቻ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ በባቲና ሚሌ ወደ ወደብ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የከባድ መኪና ማርሚታ መቁረጥ፣ መቀጠልና መበየድ ለአካባቢው ጋራዦች የዕለት ሥራ ነው። ለስፖርት መኪና ሲሆን የሚጨመረው ትዕግሥትና ልኬት ነው።

ብዙ ሰው ስለ ድምፁ ይጨነቃል። እውነተኛው ፈተና ሙቀቱን ማስተናገድ ነው። አንድ ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ቱቦው ከፊት በኩል ሞተሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ሲታሰር፣ የኋላው ማንጠልጠያ በጎማ ወይም በረዘመ ቀዳዳ ሊለቀው ይገባል። ሁለቱንም ጫፍ ሻንሲው ላይ በይዶ መዝጋት እስካሁን ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው። ብረቱ መሄጃ ሲያጣ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይም ፍላንጁ (በቡሎን የሚታሰረው የቱቦው ከንፈር) ተጣሞ ጓርኒሲዮኑን (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) ያስተነፍሳል።

ገጠማው የሚጀመረው የዛጉትን አሮጌ ቡሎኖች በዝገት ማላቀቂያ ዘይት አርሶ በማሳደር ነው። ሲፈቱ የተሰበሩ እንደሆነ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ውስጥ ማውጣቱ ከጠቅላላው ሥራ በላይ ያደክማል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ቱቦው መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛል። መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል፣ ሰው ተሳፍሮ ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል። ከፍሬንና ከቤንዚን መስመር መራቁ ከተረጋገጠ በኋላ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ ይበየዳል። መኪናው ላይ እንዳለ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይነቀላል፣ አለበለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል። ኮርቬት ደግሞ ቦዲው ፋይበርግላስ ነው፤ የብየዳው ፍንጣሪም የቱቦው ሙቀትም ይጎዳዋል። ስለዚህ በቱቦውና በቦዲው መካከል የአየር ክፍተት፣ ከውጭ ደግሞ የተበሳሳ የሙቀት መከላከያ ላሜራ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሞቆ ከበረደ በኋላ ሁሉም ቡሎን እንደገና መጥበቅ አለበት።

መከላከያው የሚያስፈልገው ለመኪናው ብቻ አይደለም። በደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ እግረኛው ከመኪናው ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የጋለው ቱቦ የሚገኘው ደግሞ በአዋቂ ሰው ባት፣ በሕፃን ልጅ እጅ ቁመት ነው። የሚወርድ ተሳፋሪም ልብሱና እግሩ ሊነካው ይችላል። መከላከያ የሌለው የጎን ማርሚታ በእነዚህ ጎዳናዎች ላይ መንዳት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለው ካርቡራቶር በቆላ ልክ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ የቱቦው አፍ ጥላሸት ይይዛል። ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን ቁልቁል በማርሽ ይዞ ሲወረድ ማርሚታው በተደጋጋሚ የሚተኩስ ከሆነ፣ ከቤንዚኑ መብዛት ሌላ አንድ መገጣጠሚያ አየር እያስገባ እንደሆነ መጠርጠር ነው። ፍለጋው ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይደረጋል። በሚያፈስሰው መገጣጠሚያ ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ይታያል፣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅም ይሰማል፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ጭሱ ከበሩ መስኮት ብዙም ሳይርቅ ስለሚወጣ፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ፍሳሹን ማሳደር አያስፈልግም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መሞከርም አይገባም።

ዝገቱ በአብዛኛው ከውስጥ ነው የሚጀምረው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት ይወጣል። በደሴ ብርድ፣ በተለይ በክረምት፣ ከሆጤ ፒያሳ ብቻ የሚመላለስ መኪና ቱቦው በወጉ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃው ውስጡ ይቀራል። በዝቅተኛው ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ማንጠፊያ ቀዳዳ መብሳትና መኪናውን አልፎ አልፎ ረዘም አድርጎ መንዳት ዕድሜውን ያራዝመዋል። ስቴንለስ ከተራው ብረት ይሻላል፣ ዋጋውም እንዲሁ ይጨምራል፤ ሁለቱን ለማያያዝ ግን ለዚያ የተሠራ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። ክሮም ቱቦ ሲሆን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የእጅ ቅባት ተጠርጎ መጥፋት አለበት፣ አለዚያ የጣት አሻራው ተጠብሶ ይቀራል።

ድምፅና ጭስ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ከመቁረጥ በፊት መርማሪዎቹን መጠየቅ ይበጃል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቆየ መኪና ዕቃ ይበልጥ ተፈላጊ ነው። የወለቀው የፋብሪካ ማርሚታ ከነማንጠልጠያውና ከነቡሎኑ ዘይት ተቀብቶ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ አይሸጥ።