ፓናር ዘንግ ምንድን ነው?

መኪና ኮሮኮንች ላይ ኋላዋን ወደ ጎን ስትወረውር መጀመሪያ የሚከሰሰው አሞርዛተር ነው። ቀጥሎ ጎማ። ሁለቱም ተቀይረው ነገሩ አልለቅ ሲል ባለመኪናው «አርጅታለች» ብሎ ይተዋታል። አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያያይዘው ወፍራም ብረት) ጎን የተጋደመውን ዘንግ እዩልኝ። ፓናር ዘንግ ይባላል።

ባሌስትራ፣ ተደራርቦ የታሰረው ዝርግ ብረት፣ ሸክሙንም ይችላል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። ጥምዝምዙ ሞላ ግን ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይሸሽ አይከለክልም። ያንን የሚከለክለው ፓናር ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ ከአክስሉ፣ ሌላው በተቃራኒው በኩል ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን ይታሰራል፣ በሁለቱም ጫፍ ጎሚኒ (ብሎኑ የሚያልፍበት የላስቲክ ቀለበት) አለበት። ስሙን ያገኘው ፓናር ከተባለው የፈረንሳይ መኪና ሠሪ ነው።

ሐረር ላይ ለዘመናት ታክሲ ሆና ያገለገለችን ፔዦ 404 ይህ ዘንግ አላት። በሞላ የተሸከመ ድፍን አክስል ይዛ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች መኪና ናት። ፈረስ መጋላ ቆማ ሰው ስትጠብቅ ሳያት ይህ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ዘንጉ አንድ ጠባይ አለው። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ ስለሚሄድ አክስሉን በትንሹ ወደ ጎን ይጎትተዋል። 80 ሳንቲሜትር የሆነ ዘንግ አግድም ተጋድሞ አክስሉ 8 ሳንቲሜትር ቢነሳ ሽግሽጉ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዘንጉ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን 8 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ረጅምና አግድም የሆነው ይመረጣል። ሞላው ረግቦ መኪናዋ ገና ቆማ ሳለች ዘንጉ ካዘነበለ ሽግሽጉ ይበዛል።

በአፈር ትራክ ላይ የሚወዳደሩት ደግሞ ይህንኑ ዘንግ መቆጣጠሪያ አድርገውታል። ማሰሪያው ላይ ደረጃ በደረጃ ቀዳዳዎች አሉት፤ ብሎኑን ከፍ ወይም ዝቅ ባደረጉት ቁጥር መኪናዋ ኩርባ ላይ ኋላዋን የምትይዝበት መንገድ ይለወጣል። ግን ጎሚኒው ያለቀ ከሆነ የትኛውም ቀዳዳ አይረዳም፣ ማስተካከያው ሁሉ በልቅነቱ ይበላል።

ክሪክ አቀባይ ሆኜ በጀመርኩበት ጋራዥ አንዲት 404 ሁለት አዲስ አሞርዛተር አስገብተንላት በሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ሹፌሩ «አቦ፣ ያው ናት! የደንገጎ ኩርባ ላይ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ስመልሰው ኋላዋ ዘግይቶ ይመጣል» አለን። ምልክቱ ይኸው መዘግየት ነበር። ስር ገብተን ስናይ የብሎኑ ቀዳዳ ተበልቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል፣ በዙሪያው ያለው ብረት ተፈግፍጎ ያበራል። ሽማግሌው ኃላፊያችን ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰና ያለምንም ንግግር የተቀየሩትን አሞርዛተሮች አየ። የሰውየው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማጣራት መኪናዋን በክሪክ አታንሱ፤ በአራት ጎማዋ ትቁም። አንድ ሰው አካሏን በኋላ በኩል ወደ ጎን ይናጣት፣ ሌላው ከስር እጁን የዘንጉ ጫፍ ላይ ያድርግ። ብረቱ ከማሰሪያው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ እጅ ላይ ይሰማል፣ አንዳንዴም «ኳ» ይላል። ከዚያ በግራና በቀኝ ከጎማው እስከ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የአካሏ ክፍል) ያለውን ርቀት ለኩ። ከተለመደው በላይ ከተለያየ ዘንጉ ተጣሟል ወይም ማሰሪያው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ተሰንጥቆ ከሆነ በብየዳ ከማስተካከል በፊት የሻንሲውን ብረት ዙሪያ ፈትሹ፤ ዝገት ይዞት ከሆነ ብየዳው አይቆይም።

ጎሚኒ ስትቀይሩ ብሎኑን ልል አድርጋችሁ አስገቡ፣ መኪናዋን ወደ መሬት አውርዱና የመጨረሻውን ማጥበቅ ያኔ አድርጉ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ በወራት ውስጥም ይቀደዳል።