ሻካራ ጨዋታና ዳኝነት በኤንቢኤ፦ ከደጋፊ ወንበር ሲታይ

ኤንቢኤ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። መግፋት፣ መጎተትና ክርን መሰንዘር በሕጉ ፋውል ናቸው። በተግባር ግን ፊሽካው መቼ እንደሚነፋ የሚወስነው ሕጉ ብቻ አይደለም። ማን ሠራው? በማን ላይ? ስንት ሰከንድ ቀረ? ደጋፊን የሚያበግነው ይሄ ነው። ኃይለኛ ጨዋታማ ብዙዎቻችን እንወዳለን። አንዱ ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ ሲሆን ነው ደም የሚፈላው።

ድሮ ነገሩ የባሰ ነበር። በታኅሣሥ 1977 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በሌከርስና በሮኬትስ ጨዋታ ግርግር ተነሳ። የሮኬትሱ ሩዲ ቶምጃኖቪች ለመገላገል እየሮጠ መጣ። የሌከርሱ ከርሚት ዋሽንግተን ዞር ብሎ በቡጢ ፊቱን መታው። ቶምጃኖቪች የፊቱ አጥንት ተሰባብሮ ሞት አፋፍ ደረሰ። ዋሽንግተን በእገዳው 26 ጨዋታ አመለጠው። ሊጉም በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛ ዳኛ ጨመረ። ወጪው በዛ ተብሎ በዓመቱ ተነሳ፤ የተመለሰው በ1988 ነው። የተጫዋች ፊት ከተሰበረ በኋላም ስለ ዳኛ ደሞዝ ይሰላ ነበር ማለት ነው።

ሻካራ ጨዋታን እንደ ስልት የያዘው ዲትሮይት ፒስተንስ ነው። «ባድ ቦይስ» ይባሉ ነበር። ቢል ላይምቢርና ዴኒስ ሮድማን ያሉበት ይህ ቡድን በ1989 እና በ1990 ሻምፒዮን ሆኗል። የቺካጎ ቡልሱን ኮከብ ማይክል ጆርዳንን የሚያቆሙበት ዘዴ «የጆርዳን ሕጎች» ተብሎ ስም ወጣለት። ኳስ ሲይዝ ይከቡታል፤ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል መሬት ያስይዙታል። ቺካጎ ቡልስ ሦስት ዓመት በተከታታይ በእነሱ እየተሸነፈ ከውድድር ወጣ። በ1991 ግን አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ፍልሚያ 4 ለ 0 ረቷቸው። በመጨረሻው ጨዋታ ሮድማን የቡልሱን ስኮቲ ፒፐንን ገፍትሮ ከሜዳ ውጪ ጣለው። ፒፐን አገጩ ተሰፋ። ሮድማን 5,000 ዶላር ተቀጣ። ሰዓቱ ሳያልቅም አብዛኞቹ የፒስተንስ ተጫዋቾች ተቀናቃኞቻቸውን ሳይጨብጡ ወጥተው ሄዱ። እኔ ከግፍተራው ይልቅ የሚያስጠላኝ ይሄኛው ነው።

በዚያው ዘመን ፍላግራንት የሚባለው ከባድ ፋውል ሕግ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው «አላስፈላጊ» ንክኪ ነው፤ ቅጣቱ ሁለት ነፃ ውርወራና ኳስ። ሁለተኛው «አላስፈላጊና ከመጠን ያለፈ» ነው፤ ተጫዋቹን ከሜዳ ያስባርራል። መጠኑን የሚለካው እንግዲህ የዳኛው ዓይን ነው። ቅጣቱ ነጥብም አለው፤ በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው የጥሎ ማለፍ ዙር) ከ3 ነጥብ ያለፈ አንድ ጨዋታ ይታገዳል።

ይህ ነጥብ በ2016 ፍፃሜ ትልቅ መዘዝ አመጣ። ጎልደን ስቴት ከአራት ጨዋታ በኋላ ክሊቭላንድን 3 ለ 1 ይመራ ነበር። በአራተኛው ጨዋታ የጎልደን ስቴቱ ድሬይሞንድ ግሪን ወድቆ ሳለ የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ከላዩ ተራምዶ ሊያልፍ ሲል ግሪን እጁን ወደ ሌብሮን ብሽሽት ሰነዘረ። ሜዳ ላይ ፍላግራንት አልተባለም። ሊጉ ቆይቶ ቪዲዮውን አይቶ ፍላግራንት አለው። የግሪን ነጥብ 4 ሞላና አምስተኛው ጨዋታ አለፈው። ክሊቭላንድ የቀሩትን ሦስቱንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቅጣቱ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ግን ሜዳ ላይ ሦስት ዳኞች ቆመው ነበር።

ስለ ዳኝነት የሚነሳው ትልቁ ቁስል የ2002ቱ ነው። በምዕራብ ኮንፈረንስ (የሊጉ ምዕራባዊ ክፍል) ፍፃሜ ስድስተኛ ጨዋታ ሌከርስ ከሳክራሜንቶ ጋር ሲጋጠም በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 ነፃ ውርወራ አገኘ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሌከርሱ ኮቢ ብራያንት ክርን የሳክራሜንቶውን ማይክ ቢቢን አፍንጫ አደማ፤ ፊሽካ የለም። ሌከርስ 106 ለ 102 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም ደገመ። በ2007 ደግሞ ዳኛው ቲም ዶናጊ ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ይወራረድ እንደነበር ታወቀና 15 ወር እስር ተፈረደበት። ኋላም ያ የ2002 ጨዋታ ንፁህ አልነበረም ሲል ከሰሰ። ሊጉ አስተባበለ። የሳክራሜንቶ ደጋፊ ግን ማንን እንደሚያምን መጠየቅም አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ መጠገኛው በዝቷል። ከ2015 ጀምሮ ሊጉ ውጤታቸው ተቀራርቦ ያለቁ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ዳኝነት ገምግሞ፣ የትኛው ውሳኔ ስህተት እንደነበር ለሕዝብ ያወጣል። ከ2019 ጀምሮ አሠልጣኝ ውሳኔ መቃወም ይችላል። ሳይነኩት እየወደቀ ፋውል የሚለምነውም ከ2023 ጀምሮ እዚያው ሜዳ ላይ በቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም በሥነ ምግባር ጥፋት ቅጣት፣ ይቀጣል። የሁለት ደቂቃው ሪፖርት ግን የሚወጣው በማግሥቱ ነው፤ ተሳስተናል ቢልም ውጤት አይቀይርም። ያኔ ለተሸነፈው ደጋፊ የሚተርፈው «ብያችሁ ነበር» ማለት ብቻ ነው።