«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» እና ሌሎች ምክሮች፦ አሮጌ መኪና ለያዘ ጀማሪ

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ መኪና ገዝቶ ራሱ መነካካት የጀመረ ሰው ከመፍቻው በፊት ምክሩ ይደርሰዋል። ጎረቤት ይመክራል፣ ሹፌር ይመክራል፣ መለዋወጫ ሻጩም ይመክራል። አብዛኛው በቅንነት የሚሰጥ ነው። ችግሩ ብዙው ምክር ለሌላ ዘመን መኪና ወይም ለሌላ አየር ጠባይ የተባለ መሆኑ ነው።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ መኪናን ይፈትናል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አንድ መኪና በአንድ ቀን ብርዱንም፣ ቁልቁለቱንም፣ የቆላውንም ሙቀት ይቀምሳል።

ያለንን መኪና በደንብ መያዝ ደግሞ ግድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በሰፈራችን የቆመችው የድሮ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ትነዳለች። እስኪ በጣም የሚጎዱንን ምክሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሞተሩ ካፈላ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጤነኛ ሞተር አበላሽቷል።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ በር ናት። ውስጧ ሰም አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን በሩ ዝግ ነው፤ ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 ዲግሪ፣ ሰሙ ቀልጦ ይለጠጥና በሩን ይከፍታል።

ቴርሞስታቷ ከወጣች ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ያልፋል። በደብረ ብርሃን ጠዋት እንዲህ ያለ ሞተር ከተማውን ዞሮ እስኪመለስ በወጉ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይበላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እርጥበቱም ስለማይተን ዘይቱ ዝቃጭ ይይዛል። ይባስ ብሎ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቷ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ስትከፍት የውስጡን አቋራጭ መስመር ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ይገባል። ያን ጊዜ ዳገት ላይ ማፍላቱ ይብሳል እንጂ አይቀርም።

መኪና የሚያፈላው በምክንያት ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት ይሆናል፣ ማራገቢያው አይነሳ ይሆናል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። ቴርሞስታቷ ራሷ ተጣብቃ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው አዲስ መግጠም ነው።

መሞከሩ ቀላል ነው። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጣሏት፤ ታችኛውን ብረት እንዳትነካ። ቴርሞሜትር ካላችሁ አብራችሁ ክተቱ። ውሃው ሲሞቅ በሯ ቀስ እያለች ስትገፋ በዓይን ይታያል። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልብ ማለት ያለበት ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቴርሞስታት በጽሑፉ ቁጥር ላይ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ አሥር ዲግሪ ያህል አልፎ ነው። ስለዚህ 88 የሚል የተጻፈባት ቴርሞስታት በደብረ ብርሃን ድስት ውስጥ ጥቂት ብቻ ብትከፈት ሞታለች ብላችሁ አትጣሏት። መነቃነቋ ይበቃል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ትንሿ መርፌ ያለችበት ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ የታመቀው አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

«ራዲያተር ውሃ እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል»

የቧንቧ ውሃ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ዓመት ሲከርም ዝገትና ጨው ይተዋል። ራዲያተሩን ከፍታችሁ ቡናማ ውሃ ካያችሁ ሞተሩ ከውስጥ እየተበላ ነው። ኩላንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ በውርጭ ሌሊትም ውሃው እንዳይረጋ ይጠብቃል። ያልተበረዘ ከገዛችሁ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ቀለሙ ብቻውን ዓይነቱን አይናገርም፤ ጀርባውን አንብቡ።

የራዲያተር ክዳንም ተራ ክዳን አይደለም። ውስጡን በግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከወትሮው በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። በደጋ አገር ክዳኑ የበለጠ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሞቀ ሞተር ላይ ግን በፍጹም አትክፈቱት። ፊትን የሚያቃጥለው ያ ግፊት ነው።

«አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል»

ጭስ የጀመረ መኪና ሲመጣ 40 ቁጥር ዘይት ወይም ከዚያ የወፈረ ይታዘዝለታል። ጭሱ ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ሞተር በብዛት ተፋግቶ የሚያልቀው ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው። ወፍራም ዘይት በጥር ማለዳ እንደ ረጋ ማር ነው፤ ቶሎ አይወጣም።

በዘይት ጣሳ ላይ ከደብሊው (W) በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ባሕርዩን ያሳያል። ቁጥሩ ሲያንስ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈሳል። ሁለተኛው ቁጥር ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው። የመኪናው መጽሐፍ ከፈቀደ 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-40 ለደብረ ብርሃን ኑሮ ከነጠላው 40 እጅግ ይሻላል።

ጭሱን ደግሞ አጥኑት። አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ከወጣ የቫልቭ ጎሚኒ ያረጀ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ሞተር ማስወረድ የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። ዳገት ላይ ሲጨስ ከዋለ ወደ ፒስተን ፋሻ ጠርጥሩ።

ስለ ዘይት ቀለም ጥቂት ልጨምር። የናፍጣ ሞተር ዘይት ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው መለኪያው ብረት ላይ ወተት የመሰለ ሲታይ ነው፤ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ ግን፣ በብርድ አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜ የእርጥበት ጤዛ ነው። ረዘም ያለ መንገድ ንዱትና እንደገና እዩት።

«ጠዋት ሩብ ሰዓት ቆሞ ይሙቅ»

ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር እየተለካ የሚረጭለት እንደ ቪትዝ ያለ መኪና፣ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በለስላሳው እየነዱ ማሞቅ ነው። የካርቡሬተር መኪና ቾክ ስለሚፈልግ ጥቂት ይጨመርለት። ቆሞ ረጅም ጊዜ መሥራት ነዳጅ ከማባከኑም ሌላ ሲሊንደሩን በቤንዚን ያጥባል።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»

እባካችሁ ይህን ምክር አትስሙ። ጣርማበርን ለምትወርዱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ፣ ቁጠባው ራሱ የለም። ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ነዳጁን ይቆርጣሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ሲተው ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የባሰ ነው። ፍሬን መርገጡን የሚያቀለው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚሠራ ሞተር ስለሆነ ከሁለት ሦስት መርገጥ በኋላ ፔዳሉ ይደነድናል። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት እውነት ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንሱ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ «የፍሬን ዘይት ካልጎደለ አይቀየርም» የሚል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ደብረ ሲና ሳይደርሱ «ፍሬን እንቢ አለ» የሚባለው አንዱ እንዲህ ሲሆን ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉውን አስቀይሩ።

ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ ሞልቶ ዝም ማለት አይደለም። ወይ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት ጠብ ያደረገ ሰው ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያሳብጣል። የፍሬን ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ይብረድ። የጋለ ዲስክ ወይም ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል።

ጀማሪ የፍሬን ሥራ ብቻውን አይጀምር። ባለሙያ አጠገብ ሆናችሁ እያያችሁ ተማሩት።

«የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው»

ለድሮዎቹ ቀላል መኪኖች የመጣ ልማድ ነው። ባትሪ ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ በድንገት ይዘላል፤ ኮምፒውተር ያለበትን መኪና ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ግዙ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ጫፎች በፈላ ውሃ አጥባችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። በብርድ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብቻ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚያ አመድ መሳይ ዝገት ነው።

«ቺንጋው እስኪበጠስ ይሥራ»

ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ቀበቶ። መጀመሪያ መኪናችሁ ቺንጋ ነው ሰንሰለት የሚለውን እወቁ። በ1.3 ሊትሩ ቪትዝና ፕላትዝ ላይ ሰንሰለት ነው። በቱኤል፣ ስሪኤልና ፋይቭኤል (2L፣ 3L፣ 5L) የናፍጣ ሞተሮች፣ ማለትም በብዙ የድሮ ሃይሉክስና ሃይየስ ላይ፣ ቺንጋ ነው። በናፍጣ ሞተር ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። 100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየርበት የተለመደ ልክ ነው። መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

«ቆጣሪው ትንሽ ካነበበ መኪናው ብዙ አልሠራም»

ቆጣሪ ይመለሳል። ባለ አምስት አሃዙ ደግሞ 99,999 ሲሞላ ራሱ ወደ ዜሮ ይዞራል። የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማስተያየት ከቆጣሪው ይበልጣል።

«ክሪኩ ይይዘዋል፤ ቢበዛ ድንጋይ ደግፍበት»

ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው ካረጀ ሳታስቡት ይወርዳል። ድንጋይና ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይሰነጠቃል። ሁለት የብረት ስታንድ ከማንኛውም መፍቻ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው። ከሌላችሁ ከመኪናው ሥር አትግቡ።

ሜዳ መሬት ምረጡ፤ ያልተነሱትን ጎማዎች በፊትም በኋላም ደግፉ። መኪናውን ስታንዱ ላይ አሳርፋችሁ፣ ሥሩ ሳትገቡ፣ በጎን በኩል በእጃችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ አውርዳችሁ እንደገና አስተካክሉት።