አማካይ የነጥብ ልዩነት ምንድን ነው? «ድሪም ቲም» ከሌሎች ዘመናት ቡድኖች ጋር ሲመዘን

የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ሲገናኙ የማይቀር ክርክር አለ። ከብሔራዊ ቡድኖች ሁሉ የቱ ይበልጣል? «የ1992ቱ ድሪም ቲም ነዋ!» የሚለው ወገን፣ ማለትም እነ ማይክል ጆርዳን በባርሴሎና ኦሎምፒክ የተሰለፉበትን የአሜሪካ ቡድን የሚያነሳው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ይመዛል፦ 43.8። ቁጥሩ ሲጠራ ሌላው ዝም ይላል። ዝም ማለት ግን አልነበረበትም። 43.8 ትልቅ ቁጥር ነው፤ ምን እንደሚለካ ካላወቅን ግን ያሳስተናል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ አማካይ የነጥብ ልዩነት ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቡድኑ እያንዳንዱን ጨዋታ በስንት ነጥብ እንዳሸነፈ እናያለን። እንደምረዋለን። የተሸነፈው ጨዋታ ካለ የተበለጠበትን እንቀንሳለን። ከዚያ ለጨዋታዎቹ ብዛት እናካፍላለን። በቃ።

ባርሴሎና ላይ እንሞክረው። አሜሪካ አንጎላን 116 ለ 48፣ ክሮኤሺያን 103 ለ 70፣ ጀርመንን 111 ለ 68፣ ብራዚልን 127 ለ 83፣ ስፔንን 122 ለ 81 አሸነፈች። ከምድቡ በኋላ ፖርቶ ሪኮን 115 ለ 77፣ ሊትዌኒያን 127 ለ 76 ረታች። በፍጻሜው ክሮኤሺያን እንደገና 117 ለ 85። ልዩነቶቹ ሲደመሩ 350 ነጥብ ናቸው። ለ8 ጨዋታ ሲካፈል 43.75፣ ሲጠጋጋ ያው 43.8። አሰልጣኙ ቸክ ዴሊ በውድድሩ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን ታይም አውት (ተጫዋቾችን ለመምከር ጨዋታውን ለአጭር ጊዜ ማስቆም) አልጠሩም። ምን ብለው ይጥሩ?

እስካሁን ድሪም ቲም አንደኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ስናሰላ ነው።

የ1956ቱ የአሜሪካ ቡድን ሜልቦርን ላይ 8 ጨዋታ ተጫውቶ 8ቱንም አሸንፏል። ታይላንድን 101 ለ 29 አሸነፈ። ፊሊፒንስን 121 ለ 53፣ ብራዚልን 113 ለ 51። በፍጻሜው ሶቪየት ኅብረትን 89 ለ 55። አማካዩ 53.5 ነው። ከድሪም ቲም በጨዋታ ወደ 10 ነጥብ ገደማ ይበልጣል! ያውም አንድም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ተጫዋች ሳይኖርበት። ያኔ ፕሮፌሽናሎች ኦሎምፒክ ላይ አይሰለፉም ነበር። የቡድኑ ኮከብ ቢል ራስል እንኳን የኤንቢኤውን ክለብ ቦስተን ሴልቲክስን የተቀላቀለው ከሜልቦርን በኋላ ነው።

ታዲያ የ1956ቱ ቡድን ከእነ ጆርዳን ይበልጣል? ይህን የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልልም። ራስል ራስል ነው፤ ኬ.ሲ. ጆንስም ከጎኑ ነበር። የቀሩት አሥሩ ግን ከድሪም ቲሞቹ ከማጂክ ጆንሰን፣ ከባርክሌይ፣ ከፒፐንና ከዴቪድ ሮቢንሰን ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

አማካይ የነጥብ ልዩነት የአንድን ቡድን ጉልበት ብቻውን አይለካም። የሚለካው በቡድኑና በተጋጣሚዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ርቀቱ የሚሰፋው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። ወይ አንተ ትረዝማለህ፣ ወይ ተጋጣሚህ ያጥራል። ቁጥሩ የቱ እንደሆነ አይነግርህም።

ከ1992 ወዲህ ያለውን እንይ። የ2012ቱ የለንደን ቡድን አማካይ 32.1 ነው። የ2024ቱ የፓሪስ ቡድን በ6 ጨዋታ 19 ብቻ። ቁጥሩን እንደወረደ ከወሰድነው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ከ1956 ጀምሮ ቁልቁል ሲንደረደር ኖሯል ማለት ነው። ሌብሮን ጀምስ፣ ስቴፈን ከሪና ኬቨን ዱራንት ያሉበት ቡድን ከ1956ቱ በ34 ነጥብ ያንሳል ብሎ የሚከራከር ካለ ወንበር ስቤ እሰማዋለሁ። የተለወጠው ሌላው ዓለም ነው።

በ1992 ኤንቢኤ ውስጥ የነበሩት የውጭ አገር ተጫዋቾች ከሁለት ደርዘን አይበልጡም ነበር። ዛሬ ከመቶ በላይ ናቸው። ያኔ የአንጎላ ተጫዋቾች እነ ጆርዳንን የሚያውቋቸው በቴሌቪዥን ነበር። ጨዋታው 7 ለ 7 ሆኖ ነበር። ከዚያ አሜሪካኖቹ 46 ነጥብ ሲያስቆጥሩ አንጎላ 1 ብቻ አገኘች። እሱም ባርክሌይ አንዱን የአንጎላ ተጫዋች በክርን መትቶ በተሰጠ ቅጣት ምት የተገኘ ነው። ከጨዋታ በኋላ ተሸናፊዎች ከአሸናፊዎች ጋር ፎቶ ለመነሳት የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ዓይነት ተጋጣሚ ላይ የሚመዘገብ የ68 ነጥብ ልዩነት ምን ያህል ይመዝናል?

ስለ 1992 ብዙ የማይነሳ ሌላ ነገር አለ። ሊፈታተኗቸው ይችሉ የነበሩት ሁለት ቡድኖች ያን ዓመት ፈርሰው ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1988 ሴኡል ላይ አሜሪካን በግማሽ ፍጻሜ 82 ለ 76 አሸንፋ ወርቁን ወስዳለች። የዚያ ቡድን ምሰሶዎች እነ ሳቦኒስና ማርቹሊዮኒስ ሊትዌኒያውያን ናቸው። በ1992 ሊትዌኒያ ለብቻዋ ቀረበች፤ የቀሩት የቀድሞ ሪፐብሊኮች ደግሞ በሌላ ቡድን። ዩጎዝላቪያም እንዲሁ። በ1990 የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካን 99 ለ 91፣ በፍጻሜው ሶቪየትን 92 ለ 75 ረትታ ዋንጫውን ያነሳች አገር ነች። ድራዠን ፔትሮቪች፣ ቶኒ ኩኮች፣ ቭላዴ ዲቫች በአንድ ማልያ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ በታተናቸው። ፔትሮቪችና ኩኮች ለክሮኤሺያ ተሰለፉ። ዲቫች ቤቱ ቀረ፤ አገሩ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ምክንያት ከውድድሩ ታግዳ ነበር።

እንግዲህ ድሪም ቲም በፍጻሜው የገጠመው የዩጎዝላቪያን ግማሽ ነው። ግማሹም ቢሆን ለአፍታ 25 ለ 23 መርቶ ነበር! ኩኮች በምድብ ጨዋታው ፒፐንና ጆርዳን ተፈራርቀውበት 4 ነጥብ ብቻ ይዞ ወጥቷል፤ በፍጻሜው 16 አስቆጠረ። ፔትሮቪች 24። የነጥብ ልዩነቱ ግን መጀመሪያ 33፣ በፍጻሜው 32። ቁጥሩ ላይ ሁለቱ ጨዋታዎች መንታ ይመስላሉ። ላየ ሰው አይመሳሰሉም።

ሙሉዋ ዩጎዝላቪያ ብትቀርብ ታሸንፍ ነበር? አይመስለኝም። 43.8 ግን 43.8 ሆኖ አይቀርም ነበር።

አማካይ የተባለ ነገር ሁሉ ያለበት አንድ ጣጣ ደግሞ እዚህም አለ። አንድ ጨዋታ ብቻውን ሊያዛባው ይችላል። በ2012 አሜሪካ ናይጄሪያን 156 ለ 73 አሸነፈች። 29 ባለ ሦስት ነጥብ (ከሩቅ መስመር ውጭ የሚወረወር ኳስ) ገባ። ካርሜሎ አንቶኒ 14 ደቂቃ ተጫውቶ 37 ነጥብ አስቆጠረ። ያን ቀን የተወረወረው ሁሉ ይገባ ነበር። ልዩነቱ 83 ነጥብ ነው። ይህን አንድ ጨዋታ ስናወጣው የለንደኑ ቡድን አማካይ ከ32.1 ወደ 25 ገደማ ይወርዳል። ከድሪም ቲም ላይ የአንጎላውን ብናወጣስ? 40.3። ብዙም አልተነቃነቀም።

እኔ በበኩሌ ከአማካዩ ይልቅ ትንሹን ልዩነት ማየት እወዳለሁ። በጣም የተቸገሩበት ቀን በስንት አሸነፉ? ድሪም ቲም በ32። የ1956ቱ በ30፣ ያውም ከሶቪየት ጋር። የ2012ቱ ሊትዌኒያን ያሸነፈው 99 ለ 94 ነው፤ በ5 ነጥብ። የ2024ቱ ሰርቢያን በግማሽ ፍጻሜ 95 ለ 91፣ በ4። ያን ቀን አሜሪካ እስከ 17 ነጥብ ድረስ ተመርታ ነበር። ከሪ 9 ባለ ሦስት ነጥብ ከትቶ 36 ባያስቆጥር ወደ ቤት ነበር። በዚህ መለኪያ ድሪም ቲም ወደ ላይ ይመለሳል። ማንም አላስጨነቀውም።

ደንቡም ተለዋውጧል። በ1956 ባለ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም። ኦሎምፒክ ላይ የመጣው በ1988 ነው። በ1992 መስመሩ ከቀለበቱ 6.25 ሜትር ይርቅ ነበር፤ በ2010 ወደ 6.75 ተገፋ። ለማጥቃት የሚፈቀደው ጊዜ ደግሞ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ ከ30 ሰከንድ ወደ 24 አጠረ። ጊዜው ሲያጥር በአንድ ጨዋታ ውስጥ ቡድኖቹ የሚያጠቁበት ተራ ይበዛል፤ ይሄ ለነጥብ ልዩነት ትልቅ ለውጥ ነው። አንድ ቡድን በእያንዳንዱ የማጥቃት ተራ ከተጋጣሚው በ0.4 ነጥብ ይበልጣል እንበል። 100 ተራ ባለበት ጨዋታ በ40 ያሸንፋል፤ 75 ተራ ባለበት በ30። ብልጫው ያው ነው፤ ጨዋታው ብቻ ዝግ አለ። ስለዚህ ነው አሁን አሁን ተንታኞች ልዩነቱን በ100 የማጥቃት ተራ የሚያሰሉት። ለድሮ ጨዋታ ግን እያንዳንዱን ተራ የመዘገበ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሁን ወደ ክርክሩ። ሰው ሲጨቃጨቅ ሁለት ጥያቄ ይቀላቅላል። አንደኛው፦ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ርቆ የሄደው ማን ነው? ሁለተኛው፦ ሁለቱን ዛሬ ሜዳ ላይ ብናወጣቸው ማን ያሸንፋል? የነጥብ ልዩነት ለመጀመሪያው ጥሩ ምስክር ነው። ለሁለተኛው እዚህ ግባ የሚባል መረጃ አይሰጥም።

በ2012 ከለንደኑ ቡድን ኮከቦች አንዱ ኮቢ ብራያንት «ከባድ ነው፤ ግን ድሪም ቲምን እናሸንፈዋለን» የሚል ነገር ተናግሮ ጉድ ፈላ። ጆርዳን ሰምቶ ሳቀ። ኮቢ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። የ1992ቱ ቡድን ስም ዝርዝሩ ሌላ፣ አካሉ ሌላ ነበር። ላሪ በርድ ጀርባው አልቆ በዚያው ክረምት ጫማውን ሰቀለ። ማጂክ ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር ጡረታ ወጥቶ ነበር። የኮቢ ቡድን ደካማ ጎን ደግሞ ረጃጅሞቹ ጋ ነው። እውነተኛ ሴንተር (ቀለበቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ቲሰን ቻንድለር ብቻ ነበር፤ አንቶኒ ዴቪስ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነው። ዩዊንግ፣ ሮቢንሰንና ማሎን እየተፈራረቁ ሲመጡበት ቻንድለር በስንት ደቂቃ በፋውል ይወጣል? የ1992ቱን የምመርጠው በዚህ ነው፤ በ43.8 አይደለም።

ከ2024ቱ ጋር ግን እቸገራለሁ። ሌብሮን 39፣ ከሪ 36፣ ዱራንት 35 ዓመታቸው ነበር፤ የእነ በርድን ነገር ያስታውሳል። ሴንተሩ ኤምቢድ ስላለ ግን ቀለበቱ ሥር እንደ 2012ቱ አይበለጡም። በዛሬው ደንብ ከተጫወቱ፣ ከሪን ከ8 ሜትር ላይ ወጥቶ መከላከል ለ1992ቱ ተከላካዮች አዲስ ነገር ነው። በ1992 ደንብ፣ በዚያ ዘመን በሚፈቀደው መገፋፋት ከሆነ ደግሞ ለእነ ጆርዳን አደላለሁ።

የነጥብ ልዩነት ጭራሽ የማያየው ቡድንም አለ። አርጀንቲና፣ አቴንስ 2004። በመጀመሪያው ጨዋታ ሰርቢያና ሞንቴኔግሮን ያሸነፈችው ጊኖቢሊ በመጨረሻው ቅጽበት እየወደቀ ባስገባት ኳስ ነው፤ 83 ለ 82። በምድቡ ለስፔንም ለጣሊያንም እጅ ሰጠች። ከዚያ በግማሽ ፍጻሜ አሜሪካን 89 ለ 81፣ በፍጻሜ ጣሊያንን 84 ለ 69 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። የውድድሩ አማካይ ልዩነቷ ወደ 6 ነጥብ ነው። የተጋጠመቻቸው ግን ደካሞች አልነበሩም። አሜሪካ በኤንቢኤ ተጫዋቾች ተሰልፋ፣ ዓለም በነቃበት ዘመን፣ አርጀንቲና ዓመታት አብረው የተጫወቱ ልጆች ይዛ ነው ያሸነፈችው። ድሪም ቲምን በሜዳ አትረታም፤ ይገባኛል። በእኔ ዝርዝር ግን ከ1956ቱ በላይ ነች።