ፊደል ካስትሮ ሥልጣን ሲያስረክቡ ዋሽንግተን ምን አደረገች? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጁላይ 31 ቀን 2006 ምሽት የፊደል ካስትሮ ጸሐፊ ካርሎስ ቫሌንሲያጋ በኩባ ቴሌቪዥን ቀርቦ አንድ ወረቀት አነበበ። ፊደል አንጀታቸው ደምቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ሥልጣናቸውንም «ለጊዜው» ለወንድማቸው ለራውል ሰጥተዋል። ማያሚ ያሉ ኩባውያን ስደተኞች ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ድስት እየደበደቡ፣ የመኪና ጥሩምባ እየነፉ መንገድ ሞሉ። ሃቫና ግን ጭር እንዳለች ነጋ፤ ሰውም ወደ ሥራው ሄደ።

ስለዚያ ወቅትና ስለ አሜሪካ የኩባ ፖሊሲ ሲወራ ደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት አምኛቸው ኖሬያለሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«አሜሪካ ሳትዘጋጅ ነው ነገሩ የደረሰባት»

እንዲያውም ከልክ በላይ ተዘጋጅታ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2003 «ነጻ ኩባን» ለመርዳት በሚል አንድ ኮሚሽን አቋቋሙ። በ2004 የወጣው ሪፖርት ከ400 ገጽ በላይ ነው። ካስትሮ ከሄዱ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዴት ክፍት እንደሚቆዩ፣ ሕፃናት እንዴት እንደሚከተቡ ሳይቀር ተጽፎበታል። በክትባቱ ነገር ብዙ ሰው አሹፏል፤ የኩባ ሕፃናት የክትባት ሽፋን ድሮውንም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነውና። በ2005 ደግሞ የኩባን ሽግግር የሚያስተባብር ባለሥልጣን ተሾመ። ሁለተኛው ሪፖርት ጁላይ 10 ቀን 2006 ሲወጣ ለሁለት ዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር ይመደብ አለ። ቫሌንሲያጋ ወረቀቱን ያነበበው ከዚያ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ዋሽንግተን የተዘጋጀችው ለቀብር ነበር፤ የመጣው ግን ርክክብ ሆነ። ራውል ከ1959 ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ ጦሩ ደግሞ ሆቴልና ሱቅ ሳይቀር የሚያስተዳድር ጦር ነው። ፊደል በፌብሩዋሪ 2008 ሹመቱን ዳግም እንደማይቀበሉ ሲያስታውቁ ወንድማቸው ወንበሩን ከያዙ ዓመት ከመንፈቅ አልፏቸዋል። ምክር ቤቱ ፌብሩዋሪ 24 ራውልን ሲመርጥ የተገረመ ሰው አልነበረም።

«ማዕቀቡ በፕሬዚዳንት ፊርማ መጣ፣ በፕሬዚዳንት ፊርማ ይሄዳል»

መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፌብሩዋሪ 1962 ኩባ ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀቡን የጣሉት በአንድ አዋጅ ነው። የፕሬስ ኃላፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር ኋላ እንደተረኩት፣ ኬኔዲ ዋዜማውን አንድ ሺህ የኩባ ሲጋር በአስቸኳይ እንዲፈልጉላቸው ጠየቋቸው። ሳሊንጀር በማግስቱ ጠዋት 1,200 ይዘው መጡ። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሰምተው ነው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አዋጁን አውጥተው የፈረሙት።

ከ1996 ወዲህ ግን ቁልፉ ከፕሬዚዳንቱ እጅ ወጣ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1996 የኩባ ተዋጊ ጄቶች የስደተኞች ቡድን የሚያበርራቸውን ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች መትተው ጣሉ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ክሊንተን እስከዚያ ሲያቅማሙበት የቆዩትን የሄልምስ በርተን ሕግ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፈረሙ፤ ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበር። ሕጉ ማዕቀቡን በኮንግረስ ስም ቆለፈው። የሚነሳውም ኩባ ውስጥ የሽግግር፣ ቀጥሎም በምርጫ የመጣ መንግሥት ሲኖር ነው አለ። የሽግግር መንግሥት ሊባል የማይችለውን ሲገልጽ ደግሞ ሁለት ሰው በስም ጠራ፦ ፊደል ካስትሮና ራውል ካስትሮ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን ወራሽ ሕጉ አስቀድሞ በስሙ ዘግቶበታል። ራውል በ2006ም ሆነ በ2008 ምንም ዓይነት ለውጥ ቢያደርጉ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ እስካሉ ድረስ ማዕቀቡን ለማንሳት የሚያበቃ ሽግግር በሕጉ ዓይን የለም። በ2018 ካስትሮ ያልሆኑት ሚጌል ዲያስ ካኔል ፕሬዚዳንት ሲሆኑስ? ሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች፣ የፖለቲካ እስረኞችን መፍታትና ፓርቲዎችን መፍቀድ የመሳሰሉት፣ ስላልተሟሉ ቁልፉ ባለበት ቀረ።

«ማዕቀብ ስላለ ንግድ የለም»

የኩባ የቤት እመቤት ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ያለው የዶሮ እግር አሜሪካዊ ሊሆን ይችላል። ኮንግረስ በ2000 የምግብ ሽያጭን ፈቅዶ ነበር፤ ክፍያው በቅድሚያ፣ በጥሬ ገንዘብ። በ2008፣ ራውል በይፋ በተሾሙበት ዓመት፣ ሽያጩ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ሶሻሊዝምን ለመጣል ማዕቀብ የጣለችው አገር ለሶሻሊስቱ መንግሥት ከዋና ዋና ምግብ አቅራቢዎች አንዷ ነበረች። የእርሻ ክልሎች ሴናተሮችም ድምፅ አላቸው እኮ።

«ሁለቱ መንግሥታት ተኮራርፈው ነበር»

ለታዛቢው እንዲያ ነበር የሚመስለው። ኤምባሲ አልነበረም፤ በስዊዘርላንድ ጥላ ሥር የሚሠራ የአሜሪካ ቢሮ ብቻ ሃቫና የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሟል። በጃንዋሪ 2006 ይህ ቢሮ አምስተኛ ፎቁ ላይ የሚሄድ ቀይ ጽሑፍ አብርቶ የማርቲን ሉተር ኪንግን ቃልና ዜና ለመንገደኛ ማስነበብ ጀመረ። የኩባ መንግሥት ደግሞ ከሕንጻው ፊት ለፊት ምሰሶ ተክሎ 138 ጥቁር ባንዲራ ሰቀለና ጽሑፉን ጋረደው። የሁለት መንግሥታት ዲፕሎማሲ አጥር ላይ ወደተጣሉ ጎረቤታሞች ወረደ።

ግን በዚያው ወቅት፣ በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ፣ ጓንታናሞ ላይ የሁለቱ አገር የጦር መኮንኖች በየጊዜው አጥሩ ጋ ተገናኝተው ይነጋገሩ ነበር። ሃቫና ባለው ቢሮ ውስጥም አንድ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መኮንን ተቀምጦ ስለ ስደተኛ ጀልባዎችና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ከኩባውያን ጋር መረጃ ይለዋወጥ ነበር። የተዘጋው የላይኛው በር ነው። ራውል ዲሴምበር 2 ቀን 2006 ልዩነታችንን ጠረጴዛ ላይ እንፍታው ብለው በአደባባይ ሲናገሩ የቡሽ አስተዳደር መልሱ ከእኛ ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከሕዝባችሁ ጋር ተነጋገሩ የሚል ነበር።

«የማያሚ ኩባውያን ሁሉ አንድ አቋም ነበራቸው»

ይህን ለማመን ቀላል ነው፤ ቡሽ በ2000 ማያሚ ያለችበትን ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ልዩነት ስለሆነ የስደተኛው ድምፅ ወርቅ ነበር። ነገር ግን በ2004 የወጣው ደንብ ያን ማኅበረሰብ ለሁለት ከፈለው። ኩባ ያለ ቤተሰብን መጠየቅ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። «ቤተሰብ» የሚለውም ጠበበ፤ አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ ከዝርዝሩ ወጡ። ገንዘብ መላክም ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ተባለ።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ላሳደገችው አክስት ብር የሚልክ አበሻ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን? በ1960ዎቹ ንብረታቸው ተወርሶ የወጡት ብዙዎቹ ደንቡን ደገፉ፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እናታቸውን ትተው የመጡት ግን አነቡ። ኦባማ ደንቡን በኤፕሪል 2009 ሲያነሱት የተደሰቱት እነዚህ ናቸው።

«ኦባማ ማዕቀቡን አነሱት»

አላነሱም፤ ከላይ እንዳልኩት አይችሉም። ያደረጉት ሥልጣናቸው የሚፈቅደውን ነው፦ ጉዞና ባንክን ማላላት፣ ኩባን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር ማውጣት። በፊርማ የተላላ በፊርማ ይጠብቃልና ትራምፕ አብዛኛውን መለሱት፤ ዝርዝሩ ውስጥም በጃንዋሪ 2021 መልሰው አስገቧት።

«ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ቸርችል ጎዳና ላይ ትግላችን ሐውልት አጠገብ ቆሞ የኩባ ወታደሮችን ምስል ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 1977 ከኩባ ጋር ግንኙነት ወደ መደበኛው እንዲመለስ መመሪያ ሰጥተው ነበር። ሃቫና ያለው ቢሮም የተከፈተው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ቀጣዩ ደረጃ ኤምባሲ መሆን ነበረበት። ከዚያ ኦጋዴን መጣ። የኩባ ወታደሮች ከ1977 መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ገቡ፤ በማርች 1978 ጂጂጋ መልሳ ስትያዝ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር አብረው ነበሩ። የኩባ ጦር አንጎላ በመግባቱ የነበረው ቅሬታ በኢትዮጵያ ተደረበና ካርተር ጦራችሁን አስወጡ አሉ። ፊደል የአፍሪካ ፖሊሲያቸውን ለድርድር አላቀረቡም። እርቁ ቆመ፤ ቢሮውም ቢሮ ሆኖ ቀረ።

ኤምባሲ የሆነው ጁላይ 20 ቀን 2015 ነው፣ ወደ 38 ዓመት ገደማ ቆይቶ። ኦገስት 14 ባንዲራው ሲሰቀል፣ በጃንዋሪ 1961 ከዚያው ሕንጻ ላይ ባንዲራውን ያወረዱት ሦስት የባሕር ኃይል ወታደሮች አርጅተው ሥነ ሥርዓቱ ላይ ቆመው ነበር። የኩባ ፕሬዚዳንት ያኔ ራውል ካስትሮ ነበሩ። ዋሽንግተን ሞታቸውን ስትጠብቅ የኖረችው ፊደልም እዚያው ሃቫና፣ 89 ዓመት ከሞላቸው አንድ ቀናቸው ነበር።